የሐምሌው መወጣጫ

ሐምሌ በደቡብ ዳኮታ ዝናብና ጭቃ አይደለም፤ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። በዚያ ሙቀት፣ ፓይን ሪጅ በሚባለው፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ በሆኑት በላኮታዎች ምድር፣ የዓመት እረፍታቸውን ለሥራ የሚሰጡ ክርስቲያን ቤተሰቦችን ከልቤ አደንቃለሁ። አባት ጣውላ ይቆርጣል፣ እናት ብሎን ታጠብቃለች፣ ልጆች ሚስማር ያቀብላሉ። ከሚሠሩት ሁሉ የምወደው ከደጃፍ እስከ መሬት በዝግታ የሚወርደውን የእንጨት መወጣጫ ነው። በዚያ የስኳር በሽታ በርትቷል፤ እግራቸውን ያጡ አረጋውያን በዊልቸር ደረጃ መውረድ አይችሉም። ጣውላው ተገጥሞ ሲያልቅ ግን አያት ያለማንም እርዳታ ወደ ግቢያቸው ይወጣሉ።

ቀደም ብለው ወደዚያ የመጡት ክርስቲያኖች ሁሉ እንዲህ አልነበሩም። በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የልጆች ጸጉር ተቆርጧል፤ ላኮታኛ መናገር ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ ከስብከት በፊት መዶሻ የሚያነሱትን አብልጬ እወዳለሁ። ወንጌሉማ እዚያው ቤተኛ ነው፤ የላኮታዎቹ ጥበበኛ ብላክ ኤልክ በ1904 እ.ኤ.አ. ተጠምቆ ለብዙ ዓመታት ወገኖቹን ሃይማኖት አስተምሯል።

በላኮታዎች ጸሎት «ሚታኩዬ ኦያሲን» የሚል ቃል አለ፤ «ሁሉም ዘመዶቼ» ማለት ነው። ማታ፣ አያት በአዲሱ መወጣጫ ጫፍ ተቀምጠው፣ የእንግዶቹን ልጆች ይህንኑ ቃል ያስጠናሉ።