«ማረጋገጫ» ስለሚለው ቃል፤ በሀሽና በብሎክቼይን አተረጓጐም ላይ የቀረበ ትችት

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ኢንፑት አውትፑት ከተባለው የውጭ ኩባንያ ጋር የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማቱ ተገልጾ ነበር። ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃን መከላከል ነው። ስለዚህ ዓይነቱ አሠራር በአማርኛ ሲጻፍ ግን «ማረጋገጫ» የሚለው ቃል ከዐቅሙ በላይ ተጭኖበት ይታያል። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚያምነው የተነገረውን ቃል ነውና።

ሀሽ ማለት አንድ ፋይል በተወሰነ ስሌት ውስጥ ሲያልፍ የሚገኝ፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ ቁጥር ነው። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ስሌት ለአንድ ገጽም ሆነ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ በ64 ምልክቶች የሚጻፍ ውጤት ይሰጣል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ይህ ቁጥር ከነጊዜው በብዙ ኮምፒዩተሮች በሚጠበቅ የጋራ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ፋይሉ ቢዘገይ በዚያ ጊዜ በዚያው መልክ እንደነበረ ለማሳየት ይቻላል። ሐሳቡ ብሎክቼይን ከሚለው ስም ይቀድማል። ሀበርና ስቶርኔታ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለዚሁ ጽፈዋል፤ ከ1995 ጀምሮም የሀሽ ቁጥር በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዐምድ ይታተም ነበር። ጋዜጣው ለብዙ ሰው ስለሚደርስ በኋላ ሊሠርዙት አይቻልም።

እንግዲህ ምስክርነቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ለምሳሌ በወላይታ ዞን፣ በሻንቶ ከተማ የሚማር አንድ ተማሪ 58 አግኝቶ ሳለ በመዝጋቢው እጅ 85 ተብሎ ቢገባ፣ ሀሹ ስሕተቱን እንደ እውነት አጥብቆ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «የፋይሉን እውነተኛነት ያረጋግጣል» ከማለት ይልቅ «ፋይሉ አለመለወጡን ያሳያል» ማለት ይገባል። እውነተኛነትን የሚያረጋግጠው ፈተናውን ያረመው መምህርና መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

«የጊዜ ማኅተም» የሚለውም ትርጓሜ በዚሁ ምክንያት አያስደስተኝም። በእኛ ዘንድ ማኅተም ባለቤት አለው፤ ከበስተኋላው ተጠያቂ ሹም ይቆማል። «የጊዜ ምዝገባ» ቢባል ይሻላል። ለሀሽ «ዲጂታል አሻራ» የሚሉም አሉ፤ ምሳሌነቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራን በእርግጥ ስለሚወስድ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽ ላይ ቢገናኙ አንባቢው ይደናገራል። ስለሆነም «ሀሽ» እንዳለ ቢገባ እመርጣለሁ። (በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይስ በ«ኀ» ይጻፍ የሚለው ክርክር እንደማይቀር ዐውቃለሁ።)

ይህ ክርክር እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለስሌቱ ግን ሁለት። አራት ነጥብ በአንድ ምልክት «።» ወይም በሁለት ሁለት ነጥቦች «፡፡» ሲጻፍ በወረቀት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ሀሹ ግን ይለያያል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይታያል፤ በግእዝ ፊደል ግን መጥበቁ አይታወቅም። የሻንቶው ተማሪ ማስረጃ ስሙ ብቻ በሌላ አጻጻፍ ታርሞ እንደገና ቢዘጋጅ፣ ከመጀመሪያው ሀሽ ጋር ስለማይገጥም እንደ ተነካካ ሰነድ ሊቈጠርበት ይችላል። የስሙ አጻጻፍ ሀሹ ከመሠራቱ በፊት፣ ገና በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሳለ፣ ከተማሪውና ከወላጆቹ ጋር ተነቦ መወሰን ይኖርበታል።