የአንድ ሊትር ዘይት ነገር

በቀደም ዕለት በአንድ የወረዳ ከተማ የመንገድ ዳር ጋራዥ አጠገብ ቡና ስጠጣ፣ ሆዷ የሚንኳኳ ሞተር ሳይክል መጥታ ቆመች። የጤና ጽሕፈት ቤት ናት። መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን ፈትቶ ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ አሻሸና "ጠቁሯል፤ ግን አልቀጠነም። ትንሽ ጨምረን ትሂድ" አለ።

"መቼ ነው የተቀየረው?" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ማን ያስታውሳል!" አለ ወጣቱ ነጂ። "ቆጣሪዋ ከተበጠሰ ቆየ እኮ።"

እንግዲህ ምርመራችን ጣት ነው። ዘይት ጥላሸቱን አጥቦ ሲይዝ ይጠቁራል፤ ሥራው ነው። ንጹሕ የሚመስለውም አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ኪሎ ሜትርና ወር ለይቶ፣ "ከሁለቱ በቀደመው ቀይሩ" ብሎ መጽሐፍ የሚሰጠው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ግን ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ንብረት ነዋ!

በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ያቺው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ከመኪና የተረፈ ዘይት መጨመርም አያዋጣም፤ አንዳንዱ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። አቧራና ዳገት የምትበላ ሞተር ደግሞ መጽሐፉ ካለው ቀድማ መቀየር አለባት። ቆጣሪ ቢጠፋ ነዳጅ አለ፦ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሞተር 50 ሊትር ስትጨርስ 2,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የነዳጅ ኩፖን በፊርማ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ይህን መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?

የፍሬን ዘይትማ ጭራሽ የሚያስታውሰው የለም። ሞተሯ ቆማ ብትውልም ከአየር እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ማንሻው ባዶ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለው ወዶ አይደለም።

"ለምን አታስቀይርም ታዲያ?" አልኩት።

"ጠይቄ ነበር፤ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አሉኝ። ሁለት አመጣሁ። ዘይት የሚሸጥ ሱቅ በከተማው ያለው ሁለት ነው።"

ፋይናንስን ብቻ መውቀስ ይቀለኝ ነበር፤ ግን በየቤታችንም ያው ነን። ሞተሯ ነክሳ ብትቆም ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ለፒስተንና ለሲሊንደር በጀት ይፈለጋል። የተቃጠለ ነገር ማስረጃ አለው። ስላልተቃጠለ ነገር ማን ይፈርማል? ሪፖርት ላይስ በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል? ሳይበላሽ የከረመ ሞተር ነጂ ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም፤ የተበላሸ ያስጠገነ ግን "ታታሪ" ይባላል።

ከኮርቻው ኋላ የክትባት መያዣ ሣጥን ታስሯል።

"ወዴት ነህ?"

"ቆላ ወርጄ መመለስ አለብኝ፣ በረዶው ሳይቀልጥ።"

መካኒኩ ሩብ ሊትር ያህል ጨመረላት። ልጁ ከኪሱ ከፈለ፤ ደረሰኝ አልጠየቀም።