የማን ላም ናት?

ስለ ኃይሌ ገሪማ በጋዜጦቻችን የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ሽልማቱን ቆጥረናል፣ ፊልሙን ግን ሳናይ ቀርተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ሲወስድ ጮቤ ረግጠናል። ይበል! ግን ጮቤ የረገጠውን ሰው ሁሉ «ምርት፣ ሦስት ሺ ዓመትን አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ስሙን ሰምቻለሁ» ይላችኋል። እኔ የማወራው ስለዚሁ ስሙ ስለሚሰማውና ስለማይታየው ፊልም ነው። የሰውየው ሥራ ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ ወይም ከዚያ የሚነሳ ይመስለኛልና።

ኃይሌ የተወለደው የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም ጎንደር ነው። (ቀኗን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።) አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸው የአርበኞችን ተጋድሎ የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱም ለሕዝብ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጅየው ቤት ውስጥ የአርበኛ ታሪክ እየሰማ ያድጋል፤ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን የሚጠብቀው ታርዛን ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለታርዛን ያጨበጭብ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ያንን ጭብጨባ ለመመለስ የተደረገ ትግል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር ለመማር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ለመማር። እዚያ እነ ቻርልስ በርኔትን አገኘ፤ የሆሊውድን አተራረክ አንቀበልም ካሉት ከነዚህ ጥቁር ወጣቶች ጋር በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የተባለው እንቅስቃሴ አባል ሆነ። «ቡሽ ማማ» በተባለው ፊልሙ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ጥቁሮችን አስቁመው ሲፈትሹ እናያለን። ትወና አይደለም። ፖሊሱም እውነተኛ ነው፣ የተፈተሹትም የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው። ኃይሌ ያጋጠመውን እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ከተተው።

በ1966 ዓ.ም አገር ሲናጥ ካሜራውን ይዞ መጣ። የተቀረጸው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፣ ያግዳል፣ ይሸከማል። የመሬቱ ጌታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። መሬቱን የተነጠቀው የቀድሞ ዘማች ከበበ ደግሞ በየመንገዱ ይናገራል፤ ሰዉ እብድ ይለዋል። የድሮ ሰዎች የአገሩን ሁኔታ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር። ኃይሌ ይህንን አባባል ቃል በቃል ወሰደው። ካሜራውን ከእረኛዋ፣ ከአራሹና ከእብዱ ዘንድ አስቀምጦ ጠበቀ። መጠበቁ ነው ዋናው። በሬው ፈሩን እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ተመልካች ሰለቸው አልሰለቸው ግድ የለውም።

ይህንን ከብራዚላዊው ግላውበር ሮቻ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሮቻ ከኃይሌ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ «እግዜርና ሰይጣን በፀሐይ ምድር» የሚለውን ፊልም ሠርቷል። እዚያም ከብት ጠባቂ አለ፣ እዚያም ጌታ አለ፣ ጠባቂው ጌታውን ይገድላል። ግን ሮቻ ግድያውን ያስቀመጠው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ታሪኩ ከዚያ ተነስቶ ይጋልባል። የኛው ከበበ በዱላው የመሬቱን ጌታ የሚገድለው ግን ወደ መጨረሻው ነው። ብራዚላዊው ከቁጣው በኋላ ምን እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ ጎንደሬው ቁጣው ለምን ይህን ያህል ዘገየ ይላል። ሮቻ ከስደት ተመልሶ በአርባ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ኃይሌ ዕድሜ አግኝቷል፤ ዕድሜውን ግን አብዛኛውን ያሳለፈው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው።

አሁን ወደ ቀኗ። የመሬት ላራሹ አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው፤ ኃይሌ ልክ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ዕለት። ፊልሙ በ1968 ለተመልካች ሲቀርብ የሚከሰው ሥርዓት ፈርሶ ነበር። ታዲያ ጊዜ ያለፈበት ክስ ሆነ?

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። አምቦ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ዙሪያዋ ግን ሲሶና እኩል እየገበረ የሚያርስ ጭሰኛ ሞልቶበት ነበር። አዋጁ ሲታወጅ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ የማውቀው ከሰማሁት ነው። ሰማንያ ሊደፍኑ የተቃረቡት አጎቴ ግን አርሰው ገብረዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው። አንድ ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ ፊልሙን አሳየኋቸው። የከበበን ንግግር በኦሮምኛ ልተረጉምላቸው ሞክሬ፣ ምላሴ ተሳስሮ ግማሽ ላይ ተውኩት። እሳቸውም ግድ አልሰጣቸውም። የሚያዩት በሬዎቹንና ማረሻውን ነበር። «ይሄ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ሲጮህ አይደክመውም?» አሉኝ ስለ ጌትየው። እረኛዋ ልጅ ላም ልታወጣ ደራሽ ውኃ ውስጥ ገብታ ስትወሰድ ግን ቀና አሉና «የማን ላም ናት?» ብለው ጠየቁኝ። የጌትየው መሆኗን ነገርኳቸው። ፊልሙ እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ ጌታና ጭሰኛ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። በኛ በኩል ጭሰኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ችሎቱ አማርኛ ነበር፤ የተበደለ ሰው አቤት የሚለው በአስተርጓሚ ነው። ይህ ሁለተኛ ቀንበር ፊልሙ ውስጥ የለም። ኃይሌ የሚያውቀውን አሳየ፣ በዚህ አልወቅሰውም። ይልቅ «የኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ መስተዋት» እያሉ የሚያሞግሱት ሰዎች ትንሽ ቢቆጠቡ ጥሩ ነው። ሆኖም የፊልሙ ገበሬዎች ብዙ አያወሩም። አጎቴ ዘንድ የደረሰው ያ ዝምታቸው ነው፤ የከበበ ንግግር አልደረሰም።

ለዚህም ነው «ጤዛ»ን ከዚህኛው በታች የማስቀምጠው። አንበርብር የሚባለው ምሁር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ ውስጥ ያለው ክፍል ይተነፍሳል፤ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ የተደበቁትን ልጆች ማን ይረሳል? ጀርመን ውስጥ ያለው ግማሽ ግን ክርክር በዛበት። ተማሪዎቹ የሚሉትን ሁሉ ይነግሩናል፣ ለኛ የሚተዉልን ነገር የለም። የማረሻን ፈር የጠበቀው ሰው እዚህ ጋ መጠበቅ ያቃተው ለምን ይሆን? የራሱ ትውልድ ቁስል ስለሆነ ይመስለኛል። አሥራ አራት ዓመት የፈጀበት ፊልም ነው፤ ሲከፍተው የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ።

በአንድ ነገር ግን ማንም አይነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም ሲሉት፣ ሲኒማ ቤት በራሱ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ስም የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። «ምርት፣ ሦስት ሺ ዓመት»ም እ.ኤ.አ. በ2006 በማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን አማካይነት ታድሶ ካን ፌስቲቫል ላይ ታይቷል።

ካን አየችው። አምቦም ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አዳራሽ አላት፣ ፕሮጀክተር አላት። የጎደለው በኦሮምኛ የተዘጋጀ የግርጌ ጽሑፍ ነው። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ይጨርሱታል። የከበበ ንግግር ላይ ሲደርሱ ግን ይቸገራሉ፤ ከእኔ የተሻለ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሽማግሌ ይፈልጉ።