ለአለቃ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ

ለአለቃ የሚጻፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምርና ፈቃድ ወይም ዕድገት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ኤሚ ስቲቨንስ በአሜሪካ፣ ሚቺጋን ውስጥ ትሠራበት ለነበረው የቀብር አገልግሎት ድርጅት ባለቤት የሰጠችው ደብዳቤ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያስታውቃል። በወንድነት ታውቃ ስድስት ዓመት ገደማ ያገለገለችው ይህች ሠራተኛ ትራንስጀንደር መሆኗን ገልጻ፣ ከዕረፍት ስትመለስ በሴት ስሟና ለሥራው በሚስማማ የሴት ልብስ እንደምትገባ ቀኑን ቆርጣ ጻፈች።

እንደ ጽሑፍ ሲመዘን ደብዳቤው ጌጥ የለውም፤ መግቢያውንም ይሉኝታ ይጫነዋል። ኃይሉ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ዕድሜ ልክ ሆድ ይፍጀው የተባለን ነገር በቀንና በልብስ፣ ማለትም መሥሪያ ቤት በሚገባው ቋንቋ መናገሩ ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩን መረዳት የሚቸግራቸው እንደሚኖሩ አውቃ፣ እሷም ራሷ ጨርሳ እንዳልተረዳችው መናገሯ ነው። አንባቢን የሚረታው ይህ እንጂ ክርክር አይደለም።

አለቃዋን ግን አልረታም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሰናበታት። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰውን ትራንስጀንደር በመሆኑ ከሥራ ማባረር በጾታ ማዳላት ነው ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ።

ስቲቨንስ ውሳኔውን አልሰማችም፤ ሜይ 12 ቀን አርፋ ነበር። ስለ ፍርዱ ብዙ ተጽፏል። ደብዳቤውን ግን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል፤ ሕግ የመለሰው በመጀመሪያ እዚያ የተጻፈውን ነውና።