የጃፓን ባህላዊ ግጥም ለሥዕል ጥበብ ያስተማረው

ስለ ጃፓን ሥዕል የሚናገሩ ብዙ ሰዎች ሥዕሉን የሚያመሰግኑት ስለ ቀለሙ ውበት፣ ስለ መሥመሩ ጥራትና ስለ ባዶ ቦታው አያያዝ ነው። ምስጋናው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ምስጋና ነው እንላለን። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተወለዱት ከግጥም አጠገብ ነውና፣ ግጥሙን ትቶ ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ሰው ከሁለት ተነጋጋሪዎች የአንዱን ድምፅ ብቻ እንደ ሰማ ይቆጠራል። በሌላው ወገን ደግሞ ሥዕሉ የግጥሙ ማብራሪያ ነው፣ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም የሚል አስተያየት አለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱም አስተያየቶች የማያጠግቡ መሆናቸውን በጥቂት ሥራዎች ለማሳየት እንሞክራለን። አሳባችን ይህ ነው፤ ግጥም ለጃፓን ሠዓሊ የሰጠው ትልቁ ስጦታ የሚሣል ነገር ሳይሆን፣ ምን ሳይሣል መቅረት እንዳለበት የማወቅ ትምህርት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ግጥሙ ጠባይ ጥቂት እንናገር። ዋካ የሚባለው ጥንታዊ ግጥም ጠቅላላ ርዝመቱ 31 ቀለም ሲሆን፣ በአምስት ስንኞች 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7 ሆኖ ይከፈላል። ቀለም የምንለው እዚህ ላይ የድምፅ ክፍሉን ነው። ኋላ ሃይኩ የተባለው ደግሞ ሦስቱን የመጀመሪያ ስንኞች ብቻ ይዞ በ17 ቀለም ያበቃል። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ገጣሚው ጠቁሞ ያልፋል እንጂ ዘርዝሮ ሊናገር አይችልም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ካኬኮቶባ ይባላል፤ ይኸውም አንዱ ቃል በድምፁ ሁለት ፍች እንዲሰጥ አድርጎ ማስገባት ነው። የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ኅብርን ስለሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለተኛው መሣሪያ የቦታ ስም ነው። የታትሱታ ወንዝ ሲባል የመጸው ቀይ ቅጠል፣ የዮሺኖ ተራራ ሲባል የቼሪ አበባ፣ ገጣሚው ሳይጠራው በአንባቢው ልብ ይመጣል።

ግጥምና ሥዕል በቤተ መንግሥት የተገናኙት ገና ቀደም ብሎ ነው። በ905 ገደማ በንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ትእዛዝ ኮኪንሹ የተባለውን የግጥም መድበል ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ኪ ኖ ትሱራዩኪ፣ በታጣፊ መከለያዎች ላይ ለተሣሉ ሥዕሎች ብዙ ግጥም ጽፏል። በዚህ ዓይነት ግጥም ገጣሚው ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ውስጥ በሚታየው ሰው ቦታ ራሱን አስገብቶ፣ ያ ሰው ሊል የሚችለውን ይናገር ነበር። ስለዚህ ብድሩ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ግጥምም ከሥዕል ተቀብሏል።

አሳባችንን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳልን የያትሱሃሺ ታሪክ ነው። የኢሴ ተረቶች በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ አንድ ሰው ዋናውን ከተማ ትቶ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ እርሱም ባለቅኔው አሪዋራ ኖ ናሪሂራ (825–880) እንደ ሆነ በልማድ ይነገራል። ውሃው ተከፋፍሎ ስምንት ድልድይ ከተሠራበት ሥፍራ ሲደርስ፣ ካኪትሱባታ የሚባለው ሰማያዊ የውሃ ዳር አበባ ፈክቶ ያገኘዋል። ከጓደኞቹ አንዱ፣ የአበባውን ስም አምስት ቀለሞች በአምስቱ ስንኞች መነሻ ላይ አድርገህ ስለ ጉዞ ግጠም ይለዋል። እርሱም ብዙ ጊዜ ለብሶ እንደ ለመደው ልብስ ስለ ለመዳት፣ ትቷት ስለ መጣው ሚስቱ ይገጥማል። በግጥሙ ውስጥ ሚስት የሚለው ቃል የልብስ ጫፍንም ስለሚያሰማ፣ ናፍቆቱና ልብሱ ባንድ ቃል ይታሰራሉ። ሁሉም አልቅሰው እንባቸው የያዙትን ደረቅ ሩዝ እንዳራሰው ተረቱ ይናገራል።

ኦጋታ ኮሪን (1658–1716) ይህን ታሪክ ከ1700 ጥቂት ዓመታት በኋላ ባለ ስድስት ገጽ በሆኑ ጥንድ መከለያዎች ላይ ሣለው። ሥራው ዛሬ በቶኪዮ በኔዙ ሙዚየም ይገኛል። እንግዲህ ምን ሣለ? ተጓዡ የለም፤ ድልድዩ የለም፤ ሩዙና እንባው የለም፤ ውሃው እንኳ አልተሣለም። በወርቅ በተለበጠው ገጽ ላይ ሰማያዊ አበባና አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ቆሟል። አንዳንዱ የአበባ እጅብ ቅርጹን ሳይለውጥ ስለሚደጋገም የጨርቅ ጥለት ይመስላል። ኮሪን የኪዮቶ የልብስ ነጋዴዎች ልጅ ነበርና ይህ አያስደንቅም፤ ግጥሙ ስለ ልብስ መናገሩን ስናስታውስ ግን ጥለቱ ከጌጥ የበለጠ ነገር ይሆንብናል። ተጓዡ ከሥዕሉ በመውጣቱም ቦታው ለተመልካቹ ተለቀቀ። በአበባው ፊት የቆመውና ቤቱን የሚናፍቀው አሁን ተመልካቹ ራሱ ነው።

ኮሪን ቆይቶ ይህንኑ ነገር እንደ ገና ሣለ፤ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሁለተኛው ሥራ ድልድዩን ጨምሯል። ድልድዩ ሥዕሉን በአግድሞሽ እያቋረጠ ብርቱ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። ሰው ግን አሁንም የለም። ሁለቱን ስናስተያይ የፊተኛውን እናስበልጣለን፤ ሁለተኛው የቦታውን ስም ሲነግረን ፊተኛው ስሜቱን ብቻ ትቶልናልና።

ይህ መተው ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙ ገጣሚዎች ተቀምጠው እየተቀባበሉ ከሚገጥሙት ሰንሰለታዊ ግጥም ጋር የሚዛመድ ይመስለናል። በዚያ ሥርዓት ተከታዩ ገጣሚ የቀደመውን መድገም የለበትም፤ ተያይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል እንጂ። ገጣሚም ሠዓሊም የነበረው ዮሳ ቡሶን በዚህ ልማድ ያደገ ነው። ማትሱዎ ባሾ በ1689 ስላደረገው ረጅም ጉዞ የጻፈውን መጽሐፍ ቡሶን በ1770ዎቹ መጨረሻ እየገለበጠ ሥዕል አገባበት። መጽሐፉ በታወቁ ቦታዎች የተሞላ ሲሆን፣ ቡሶንም የተራራና የወንዝ ሥዕል አዋቂ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሣለው ሰዎችን ነው። ቦታውን ባሾ በቃል ስለ ሣለው ቡሶን ድጋሚውን ለባሾ ተወለት።

ግጥም ለሥዕል የሰጠው አሳብን ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብንም ሰጥቷል። በ1765 በኤዶ ከተማ የሃይካይ ግጥም ወዳጆች ለአዲስ ዓመት የሚሰጣጡትን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ሱዙኪ ሃሩኖቡን ለመሳሰሉ ሠዓሊዎች ያዝዙ ነበር። የወራቱ ቁጥር በልብስ ጥለትና በመሳሰለው ውስጥ ይደበቅ ስለ ነበር፣ ሥዕሉም እንደ ግጥሙ ፍች ይፈልግ ነበር። በብዙ ቀለም በእንጨት የሚታተመው ሥዕል የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ካትሱሺካ ሆኩሳይ (1760–1849) ደግሞ በ1830ዎቹ መቶ ገጣሚዎች አንዳንድ ግጥም ያላቸውን ዝነኛ መድበል፣ ሞግዚት ለሕፃናት እንደምታስረዳው አድርጎ ለመሣል ተነሣ። ከመቶው ታትመው የወጡት ከሠላሳ ያነሱ ናቸው። ለሂቶማሮ በሚሰጠው ግጥም የብቸኛ ሰው ሌሊት እንደ ተራራ ወፍ ጅራት ረጅም ነው ተብሏል። ሆኩሳይ ወፉን አልሣለም፤ መረብ የሚጎትቱ ዓሣ አጥማጆችንና ረዝሞ የሚሄድ ጢስን ሣለ እንጂ። የወፉ ጅራት ጢስ ሆኗል። ሞግዚቷ የተሳሳተች ትመስላለች፤ ነገር ግን ከብዙ ተንታኞች ይልቅ ግጥሙን ተረድታዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ግጥሙን ለማያውቅ ሰው የማይገባ ሥዕል ጎደሎ አይደለምን? ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1887 የሂሮሺጌን ሁለት የኅትመት ሥዕሎች በዘይት ቀለም ሲገለብጥ፣ ዙሪያቸውን ከሌላ ሥዕል በወሰዳቸው የጃፓን ፊደላት አስጊጧል። ፊደሉ ለእርሱ ቃል መሆኑ ቀርቶ ሐረግ ሆነ። ሥዕሎቹ ግን ውብ ናቸው፤ ይህን አንክድም። የኮሪንም አበባ ታሪኩን ላልሰማ ሰው ውብ ነው። እኛ የምንለው ውበቱ ይጠፋል ሳይሆን፣ ናፍቆቱ ይጠፋል ነው። ጎደሎነት የሚባለውም ሠዓሊው ሳይችል ሲቀር እንጂ ለተመልካቹ አምኖ ሲተውለት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚመረምር ተማሪ የተሣለውን ቆጥሮ እንዳይጨርስ እንመክራለን። ግጥሙን አስቀድሞ ይማር፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የትኛውን ቃል ሳይሣል እንደ ተወው ይጠይቅ። የሠዓሊው ፍርድ የሚገኘው በዚያ ነው።