የፕላስተር ነገር

ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ማሽን ሲያገኝ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ማታ በዜና እናየዋለን። ደግ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ፕላስተር የሚመርቅ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም። «ከአንድ ጣት ለማትሰፋ ቁራጭ ደግሞ ምን ወግ ማዕረግ ያስፈልጋታል?» ትሉኝ ይሆናል። በሕፃናት ክፍል ውስጥ ግን የልጅ ነፍስ በዚያች ቁራጭ ላይ ተንጠልጥላ የምታድርበት ሌሊት አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአፉ መመገብ ላልቻለ ሕፃን ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው ገብቶ እስከ ጨጓራው ይወርድለታል። ባለሙያዎቹ «ኤንጂ ቲዩብ» ይሉታል። ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ እስከ 34ኛው ሳምንት ገደማ ድረስ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ስለማይሆንለት የእናቱን ወተት የሚያገኘው በዚህ ቱቦ ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቶ የገባ ሕፃንም ፍላጎቱ ሲዘጋ «ኤፍ 75» የሚባለው ወተት በዚሁ ይወርድለታል፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው ይህ ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው የተጎዳ ሰውነት ብዙ መሸከም ስለማይችል ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሰጠው ደግሞ በመሃል ከተቋረጠ የሕፃኑ የደም ስኳር ስለሚወርድና ገላው ስለሚቀዘቅዝ ነው። እንግዲህ አስቡት። ቱቦው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነቅሎ የሚመልሰው ሰው እስኪነጋ ካልተገኘ፣ ያ ልጅ ሁለት ምግብ አለፈው ማለት ነው። እኔና እናንተ ቁርስ ቢያልፈን ራሳችንን ያመን ይሆናል። እሱ ግን ላይነቃ ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሙሉ በሙሉ የተነቀለን ቱቦ ዓይን ያየዋል። ሸርተት ብሎ ጫፉ ወደ ጉሮሮ የተመለሰ ቱቦ ግን ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። በእሱ ላይ ወተት ሲጨመር ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ጉዳይ ላይ ለሆስፒታሎች ይፋዊ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። በ2009 ደግሞ ቦታውን በሳተ ቱቦ መመገብ «ፈጽሞ መድረስ ከሌለባቸው» ስህተቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በሲሪንጅ አየር ገፍቶ ሆድ ላይ በማዳመጫ መስማት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሳንባ ውስጥ የገባ አየርም ድምፅ አለውና። የሚሻለው ከቱቦው የተቀዳውን ፈሳሽ አሲድነት በመለኪያ ወረቀት አይቶ ውጤቱ 5.5 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ካጠራጠረ ደግሞ ራጅ ማንሳት።

የዘመድ ልጅ ታሞብኝ በአንድ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ለጥቂት ቀናት ተመላልሻለሁ። ብዙዎቹ ልጆች ቱቦው ወደ ላይ ተጎትቶ ግንባራቸው ላይ ተለጥፎባቸዋል፤ የአፍንጫቸው ክንፍ በግፊቱ ቀልቷል። ላብ፣ ንፍጥና እንባ ሲነካው ፕላስተሩ ይላቀቃል። እናቶች የልጃቸው ፊት እንዳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባሉ፤ ቫዝሊን ላይ ደግሞ ፕላስተር አይዝም። ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ቱቦው ሲነቀል ግን የሚናገር አይጠፋም። «ምነው እናት፣ ልጅሽን አትይዢም እንዴ?» ይላታል። «እንቅልፍ ጣለኝ ሲስተር» ትላለች አንዷ፣ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው አንገቷን ደፍታ። እናም ሁለት ትንንሽ እጆች ጨብጣ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ሌላዋ የልጇን እጅ በነጠላዋ ጫፍ ታስራለች።

ኧረ ለመሆኑ ጥፋቱ የማነው? የስምንት ወር ሕፃን ፊቱ ላይ የተለጠፈ ነገር ቢጎትት ተፈጥሮው ነው። እናቲቱ በሳምንት ውስጥ ስንት ሌሊት ሳትተኛ ማደር ትችላለች? ነርሷም ብትሆን ብቻዋን ስንት አልጋ ትጠብቅ? ቀጭኑ ፕላስተር ከመጋዘን ሲጠፋ ከበር ላይ ካለው ፋርማሲ ገዝታ እንድታመጣ የምትላከው ያችው አስታማሚ ናት።

እኔን የሚከነክነኝ አስተሳሰባችን ነው። ቱቦ ማስገባት ሙያ ነው፤ ይማሩታል፣ ይፈተኑበታል፣ ካርድ ላይ ይጽፉታል። ማቆየት ግን እንደ ዕድል ነው የሚታየው። ስንት ጊዜ ተነቀለ፣ በስንት ሰዓት ተመለሰ፣ ስንት ምግብ አለፈ ሲባል ጽሑፍ አይገኝም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ያልደረሰ ይመስላል። ነገሩ ከሆስፒታል ግቢ አይጀምርም። ችግኝ እንተክላለን፤ ስለተተከለው የሰማነውን ያህል ስለጸደቀው አንሰማም። የውኃ ቧንቧ እንዘረጋለን፤ ቡሽቧ ሲያልቅ የሚቀይር እናጣለን። የምንወደው መጀመሩን ነው።

ማቆየትም እኮ ሙያ ነው፤ ያውም ብዙ ወጪ የሌለበት። በአፍንጫ ውስጥ በሚያልፍ ክርና ማግኔት ቱቦውን የሚያስሩ አገሮች አሉ፤ እሱ ይቅርብን። ጉንጩን ከቅባትና ከላብ አጽድቶ ማድረቅ፤ ከተገኘ ቆዳ የሚጠብቀውን ለስላሳ ፕላስተር ከሥር አንጥፎ ቱቦውን በላዩ መለጠፍ፤ በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ቆዳው ከፕላስተሩ ጋር ይላጣልና። ቱቦው ከአፍንጫው ሲወጣ ክንፉን ሳይጫን ወደ ጉንጭ እንዲያልፍ፣ ትርፉም ከጆሮ ኋላ ዞሮ ትንሿ እጅ ከማትደርስበት እንዲሄድ ማድረግ። አፍንጫው ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ ርዝመቱንም ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ምልክቱ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ማየት። የረጠበ ፕላስተር እስኪላቀቅ ሳይጠብቁ መቀየር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ያወረሱን አባቶቻችን ይህን ለማስረዳት ሥልጠና የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ፕላስተሩ በእናት ቦርሳ ሳይሆን በሆስፒታሉ በጀት ይገዛ። የተነቀለ ቱቦ ሁሉ ከነሰዓቱና ከነምክንያቱ ይመዝገብ፤ ለቅጣት ሳይሆን ለመማር። ለእናቲቱም ስለ ቫዝሊኑ፣ ስለ ምልክቱ፣ ልጁ ሳል ወይም ማፈን ሲጀምረው ምግቡ ቶሎ እንዲቆም መጥራት እንዳለባት በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። እስከዚያው «ልጅሽን ያዢ» ከማለታችን በፊት ቱቦውን በደንብ እንያዝላት።