ሥልጠናው ሐሙሲት ሲደርስ

ለጋዜጠኞች የሚሰጥ የዲጂታል ሥልጠና ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሆቴል አዳራሽ፣ ከፊት ባነር፣ ፕሮጀክተር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬትና የቡድን ፎቶ። አበልም አለ። በዚህ መቀለድ ቀላል ነው። እኔ ግን ቀልዱን ትቼ አዳራሹ ውስጥ የሚነበበውን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ላነበው እፈልጋለሁ። ልቦለድ እንገመግማለን፣ ፊልም እንገመግማለን። ሰው በሱ ተመርቶ የሰው ሕይወት ያለበትን ዜና የሚሠራበት መማሪያ ለምን ይቀራል?

ከነዚህ መማሪያዎች በጣም የታወቀው ቬሪፊኬሽን ሃንድቡክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በክሬግ ሲልቨርማን አርታኢነት የአውሮፓ የጋዜጠኝነት ማዕከል ያወጣው፣ በነጻ የሚነበብ መመሪያ ነው። ከማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሲመጣልን አራት ነገር እንድናጣራ ያስተምራል። የመጀመሪያው ቅጂ ከየት ተነሣ? መቼ ተቀረጸ? የት? ማን ቀረጸው? የመረጃ ማጣራት ሥልጠና ወስዳችሁ ከሆነ፣ የመጽሐፉን ስም ባትሰሙም እነዚህን ጥያቄዎች ሰምታችኋል።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። የኔ ቅሬታ መልሱን ፈላጊ ተብሎ የታሰበው ሰው ላይ ነው። እንደማንኛውም ድርሰት ይሄም ዋና ገጸ ባሕርይ አለው፤ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ዜና ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ በላቲን ፊደል የሚፈልግ፣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚቆጥር ጋዜጠኛ። እስቲ ይሄንን ሰው አንሥተን ሐሙሲት እናስቀምጠው።

ሐሙሲት ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ነው እንበል። «ሐሙሲት በጎርፍ ተጥለቀለቀች» የሚል አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ይመጣል። ጉማራና ርብ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ መተኛቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ቪዲዮው እውነት ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሦስት ዓመት የተቀረጸም ሊሆን ይችላል። ከሌላ አገር የመጣም ሊሆን ይችላል። በዚያ መንገድ ላይ ወንድሟ መኪና የሚነዳ ልጅ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው። አራቱን ጥያቄዎች በተራ እንሂድባቸው።

ከየት ተነሣ?

ሥልጠናው የሚለው ይታወቃል፤ ከቪዲዮው ጥቂት ምስሎችን ቆርጠህ በጎግል ሌንስ ወይም በኢንቪድ ፈልግ። ምስሉ ክፍት ድረ ገጽ ላይ ከነበረ ይሠራል። እኛ ጋ ግን ወሬ የሚዞረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ የተዘጋ ግሩፕ ውስጥ ያለውን የምስል መፈለጊያ አያየውም። ስለዚህ በቃላት መፈለግ ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው መማሪያው ዝም የሚለው።

«ሐሙሲት» የሚለውን ስም ተመልከቱት። መጀመሪያው ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ናቸው። «ሲ» ደግሞ በእሳቱ ሰ ወይም በንጉሡ ሠ ሊሆን ይችላል። ስድስት ጊዜ ሁለት 12፤ ሲነበቡ አንድ፣ ሲታዩ 12 ስሞች። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒውተሩ ሐ እና ሀ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው፤ መፈለጊያው ራሱ ካላስማማቸው በቀር አይገናኙም። በአንዱ ፈልጎ «ምንም የለም» ያለ ጋዜጠኛ አሥራ አንዱን አልፈለገም ማለት ነው። ይሄን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ወጪም የለውም።

መቼ?

መማሪያው የፋይሉን ውስጣዊ መረጃ እይ ይላል። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ግን ያ መረጃ ይጠፋል፤ የሚተርፈው እንደ ፋይል ሲላክ ነው። ስለዚህ ላኪውን «እባክህ እንደ ፋይል ላክልኝ» ማለት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ቪዲዮው ሥር «ዛሬ 3 ሰዓት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። ጠዋት ነው ማታ? ቃል በቃል ለተረጎመው ሰው ደግሞ ሦስተኛ ንባብ ይጨመራል፤ ለኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሆነው። ፌስቡክ የሚያሳየው ሰዓትም በተመልካቹ ስልክ አቆጣጠር ነው፤ ዋሽንግተን ያለ የአገራችን ሰው ያነሣው ስክሪንሾት ሌላ ሰዓት ይዞ ይመጣል።

ቀኑም እንዲሁ። መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለን በቃላችን ይዘናል። በ2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ 2015 ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች። ያቺ አንድ ቀን እስከ የካቲት ድረስ ተከትላን ትሄዳለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዲሴምበር 20 ነው፤ ባለፈው ዓመት ሒሳብ የቀየረ 19 ይላል። አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ድርጊት ከአንድ ውሳኔ በፊት ወይም በኋላ ተፈጸመ የሚለው ክርክር ላይ ሲደርስ ግን ሁሉ ነገር እሷ ናት።

ጥላን አይቶ ሰዓት መገመትም ከሥልጠናው ተወዳጅ ትርዒቶች አንዱ ነው። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በካሜሩን ሴቶችና ሕፃናት የተገደሉበትን ቪዲዮ ሲያጣራ ተራራውን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ፣ ጥላውን ለክቶ፣ ቦታውንና ጊዜውን ማጥበቡ ይታወሳል። ያ ሥራ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚለው የአውሮፓ ልማድ ሐሙሲት ላይ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከተማዋ ያለችው ከምድር ወገብ ወደ 12 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ስለሆነ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በስተሰሜን ታልፋለች፤ የቀትር ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልማዱን እንዳለ የወሰደ ሰው የጎርፉን ቪዲዮ አቅጣጫ ገልብጦ ያነበዋል።

የት?

ሐሙሲት በገበያ ቀን የተሰየመች ናት። በአካባቢው ማክሰኝትም አለች፣ አርብ ገበያም አለች። ደራ ውስጥ አርብ ገበያ አለ፤ እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት ውስጥም አርብ ገበያ አለ። ዜናው «አርብ ገበያ» ብቻ ካለ የትኛው? ካርታ ላይ ስሙን ጽፎ የመጀመሪያውን ነጥብ የሚወስድ ሰው ሁለት ወረዳ ያምታታል።

የአካባቢው ልጅ የሚያውቀው ግን ብዙ ነው። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ ላይ ሰው ይበዛል። ፎገራ ላይ ሩዝ፣ ወደ ደጋው ሲወጡ ገብስና ድንች። ደብረ ታቦር ላይ ለተቀረጸ ቪዲዮ ጉና አለላችሁ። የጤፉ ቀለም ብቻውን ወሩን ሊነግራችሁ ይችላል። ይሄ እውቀት ከሳተላይት ምስል ጋር ሲገናኝ ነው መሣሪያው ዓይን የሚያወጣው። በሥልጠናው ላይ ግን ሠልጣኙ እንደ ባዶ ዕቃ ይቆጠራል፤ የሚያውቀውን የሚጠይቀው የለም።

ማን?

ከባዱ ይሄ ነው። መማሪያው «የቀረጸውን ሰው አግኝተህ አነጋግር» ይላል። ልክ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እስካሁን የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል ያኔ ቀጥ አሉ። ሲግናልም ያለ ኢንተርኔት ሲግናል አይደለም። ስልክ በሚሠራበት ቦታ የቀረው ተራ ጥሪ ነበር፤ ተራ ጥሪ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ይሄ ለየት ያለ አደጋ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሥልጠናው አንድ ሙሉ ቀን መሆን ነበረበት። ካርታን ቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ፣ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎችን መጠየቅ፣ ምንጩን አደጋ ላይ የማይጥል ጥያቄ ማዘጋጀት።

ማዳመጥም ይማራሉ። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «አሉ»፣ «ይባላል» አራት የተለያዩ የማስረጃ ደረጃዎች ናቸው። «ድልድዩ ተወሰደ አሉ» ያለን ሰው «ድልድዩ ተወሰደ» ብሎ የጠቀሰ ዘጋቢ የቋንቋውን መሣሪያ ጥሎታል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ተረት የመረጃ ማጣራት ትምህርት እንደሆነ የሚነግረን አሠልጣኝ ያስፈልገናል።

ጉዳዩ ደግሞ የሕግ ጉዳይም ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊያስቀጣ ይችላል። ከናንተ መካከል 5,000 ያለፈው ስንቱ ነው?

ሥልጠናው ራሱ ወንጀል የሆነበትን ጊዜም አንርሳ። ቬሪፊኬሽን ሃንድቡክ በወጣበት ዓመት፣ በኛ ሚያዝያ 2006፣ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ላይ ታሠሩ። በፀረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ ከተዘረዘረባቸው ነገር አንዱ የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። ታክቲካል ቴክ እና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ለማንም በነጻ ያቀረቡት ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለው መማሪያ ስሙ ክስ ውስጥ ገባ። ከፊሎቹ ሐምሌ 2007 ተፈቱ፤ የቀሩት ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ከነሱ አንዱ በፍቃዱ ኃይሉ በኋላ ካርድ የተባለውን የመብቶችና የዴሞክራሲ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ኢትዮጵያ ቼክ የተባለው መረጃ አጣሪም የካርድ ሥራ ነው። የይለፍ ቃል አጠባበቅ ላይ የምናፌዝ ሰዎች ይሄን ታሪክ ብናውቀው ጥሩ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው። ሥልጠናዎቻችን ተተረጎሙ እንጂ አልተጻፉም። ሃንድቡኩ ስለ ጳጉሜን እንዲያውቅ አንጠብቅበትም፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቆሞ በአማርኛ የሚያስተምረን ሰው ግን ይጠበቅበታል። መሣሪያ መቁጠርም ትምህርት አይደለም። ክራውድታንግል ለዓመታት የጋዜጠኞች ዋነኛ መሣሪያ ነበር፤ ሜታ እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2024 ዘጋው። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ቀረ። የሆሄ፣ የቀንና የሰዓት እውቀት ግን የሚዘጋው ኩባንያ የለም።

በአማርኛ የተጻፈ ነገር ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የሚያወጧቸው ማጣሪያዎች እንዴት ወደ ድምዳሜው እንደደረሱ ያሳያሉ። ተሰብስበው፣ በአራቱ ጥያቄዎች ተከፍለው፣ መልመጃ ቢጨመርባቸው የመጀመሪያው እውነተኛ መማሪያችን ከዚያ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ወደ ሥልጠና የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ፕሮጀክተሩ ሳይበራ፣ ሠልጣኙ ሁሉ በወረቀት ላይ ሐሙሲት ብሎ ይጻፍ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩና ስንት ዓይነት እንደሆኑ ይቆጠር። ሥልጠናው ከዚያ ይጀምር።